ጡቱም ሳይቀር፣ ምግቡም ሳይገፋ፦ ከ6 ወር በኋላ ወተትና ምግብን ማመጣጠን

ትልቋ ልጄ 9 ወር ሲሞላት ማንኪያ ስታይ አፏን ትገጥም ነበር። ገንፎ አቀረብኩ፣ እምቢ። ድንች ፈጨሁ፣ እምቢ። ያየኝ ሁሉ "ምግብ ካልወደደች ወተቱን ጨምሪላት" ይለኛል። ጨመርኩ። የላም ወተት በጡጦ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ። ልጅቷ ደግሞ ጉንጯ ሙሉ ነው፣ ማንም የጎደላት ነገር አለ አይልም። ለኩፍኝ ክትባት ይዣት ስሄድ ነርሷ የታችኛውን የዓይን ቆቧን ዝቅ አድርጋ አየች። ቀጥላ መዳፏን ገለጠች። ገርጥቷል። ደሟ ሲታይ የደም ማነስ ተገኘ። ነርሷ ያኔ ያለችኝ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፦ "ልጅሽ ጠግባለች እንጂ አልበላችም።"

ትንሹ አሁን 13 ወሩ ነው። በሱ ላይ ያንን ላለመድገም የተማርኩትን ነው የምጽፍልሽ። እዚህ ሀዋሳ፣ በኛ ገበያና በኛ ማጀት በሚገኘው ነገር።

መጀመሪያ ሆዱን እወቂ

የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው። ግምቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ 240 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ያህል ይይዛል። ከዚያ በላይ ቦታ የለውም። ስለዚህ ምግብ ከማቅረብሽ በፊት አንድ ጡጦ ወተት ከጠጣ ገንፎውን እምቢ ያለው ስለጠገበ ነው። ጣዕሙ ስላልተስማማው ወይም "አፉ ስለተዘጋ" አይደለም። ይህን ባውቅ ኖሮ ከትልቋ ጋር ስንት ወር ባልታገልኩ።

ምን ያህሉ ከጡት፣ ምን ያህሉ ከምግብ ይምጣ ለሚለው የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምበት ስሌት አለ። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ልጅ በቀን 600 ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። ከዚያ ውስጥ ከምግብ የሚጠበቀው 200 ብቻ ነው። ከ9 እስከ 11 ወር ከ700 ገደማ 300ው ከምግብ ይመጣል። ከ1 ዓመት እስከ 2 ዓመት ከ900 ገደማ 550 ያህሉ። እንግዲህ ተመልከቺው። መጀመሪያ ላይ ከሦስት እጅ ሁለቱ የጡት ነው። 10 ወር አካባቢ እንኳን ጡቱ አሁንም ከግማሽ በላይ ይሸፍናል። ምግቡ የሚበልጠው አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። የ7 ወር ልጅሽ አምስት ማንኪያ በልቶ ፊቱን ካዞረ አትደንግጪ። የ14 ወር ልጅሽ አምስት ማንኪያ በልቶ ወደ ጡት ከሮጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

"ታዲያ 200 ካሎሪ ብቻ ከሆነ ጡቱን ብጨምርለትስ?" ትዪ ይሆናል። አይበቃም፣ ምክንያቱ ብረት ነው። ልጅ ከማኅፀን ይዞት የሚወጣው የብረት ስንቅ 6 ወር አካባቢ እያለቀ ይመጣል። በጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ በጣም ጥቂት ነው። በላም ወተትም እንደዚያው። የልጄ መዳፍ የገረጣው በዚህ ነው። ስለዚህ የምግቡ ዋና ሥራ ወተት የማይሰጠውን መስጠት ነው፤ ሆድ መሙላቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መቼ ይጀመር፣ በምን ይጀመር

6 ወር ሲሞላው። በኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ 180 ቀን መቁጠር ቀላል ነው፣ ጳጉሜን ብቻ አትርሺ። ከዚያ በፊት ውሃም፣ አብሽም፣ ቅቤም ማዋጥ አያስፈልግም። በዚያ ዕድሜ ተደግፎ ይቀመጣል፣ አንገቱን ያጸናል፣ ስትበይ እጅሽን ይከተላል። ማንኪያውን በምላሱ መልሶ መግፋቱንም እየተወ ይመጣል።

የመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ይሁን፦ ጠዋት ደስ ሲለው ጡት አጥቢው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ለስላሳ ምግብ ስጪው። በቃ። በቀን አንዴ ጀምሪና ከጥቂት ቀን በኋላ ሁለቴ አድርጊው። አዲስ ነገር ጠዋት መስጠት ጥሩ ነው፣ ሽፍታ ወይም ማስታወክ ቢመጣ በቀን ታዪዋለሽ። እንቁላልን "ይከብደዋል" ብሎ እስከ ዓመቱ ማቆየት አያስፈልግም። በደንብ የበሰለ ይሁን እንጂ ከ6 ወር ጀምሮ አስኳሉም ነጩም ይበላል።

በዚህ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ጡት መጀመሪያ፣ ምግብ ቀጥሎ ነው። ቆይቶ ይገለበጣል፣ እመጣበታለሁ።

የማንኪያው ፈተና

እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢ፣ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው።

አጥሚት እንወዳለን። ቀጭን፣ ለስላሳ፣ በጡጦ ቀዳዳ ሳይቀር የሚወርድ። አማቴም "ልጅ እንዳያንቀው አቅጥኚው" ይሉኝ ነበር። ለልጁ አስበው ነው። ግን ቀጭን አጥሚት አብዛኛው ውሃ ነው። ያቺን አንድ ብርጭቆ የምታህል ሆድ ይሞላና ጡቱንም ምግቡንም ያስገፋል። ልጁ በሁለቱም በኩል ይጎዳል።

ፈተናው ይህ ነው፦ ማንኪያውን ገንፎው ውስጥ ንከሪና አንሺው። ከዚያ አዘንብዪው። ምግቡ ማንኪያው ላይ ተቀምጦ ከቀረ፣ ወይም ቀስ ብሎ ከተንሸራተተ፣ ደህና ነው። እንደ ውሃ ከተንጠባጠበ ቀጥኗል፣ ወደ እሳቱ መልሺው። በጡጦ መውረድ የሚችል ምግብ ለልጅሽ አልደረሰም ማለት ነው።

መጠኑን በሲኒ ነው የምለካው። ቤቴ ያለውን የቡና ሲኒ በሽሮፕ መለኪያ ክዳን ሰፈርኩት። 10 ሚሊ ሊትር በምትይዘው ሰባት ጊዜ ገባ፣ 70 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አንቺም ያንቺን ለኪው፣ ሲኒ ሁሉ እኩል አይደለም። በዚህ ልክ 8 ወር አካባቢ አንድ ማዕድ ወደ ሁለት ሲኒ እየተጠጋ ይመጣል። እስከ ዓመቱም ከዚያ ብዙም አይርቅም፣ የሚጨምረው የማዕዱ ቁጥር ነው። ከዓመት በኋላ ሦስት ሲኒና ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ ግምት ነው። ልጅ በቀን በቀኑ ይለያያል።

ዱቄቱን ሳዘጋጅ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ አደርጋለሁ። ገብስ፣ በቆሎ ወይም ስንዴ ከወዲህ፣ ሽምብራ ወይም ቦሎቄ ከወዲያ። ጥራጥሬውን ከክቶ፣ ቆልቶ፣ ልጣጩን አውጥቶ ማስፈጨት። አንዳንዱ "12 ዓይነት እህል" ብሎ ሁሉን ነገር ያስፈጫል። ብዛቱ ምንም አይጨምርም። ኦቾሎኒ ገብቶበት ወራት የቆየ ዱቄት ደግሞ ሻጋታ ሊይዝ ይችላል፣ የሻጋታው መርዝ በማብሰል አይጠፋም። ሁለት ሦስት ዓይነት ይበቃል፣ ለሁለት ሳምንት የሚሆን ብቻ አስፈጪ።

ገንፎው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እየተማሰለ ይብሰል፣ የጥሬ ሽታው እስኪጠፋ። ከመውረዱ በፊት አንድ እንቁላል መትተሽ ጨምሪና በደንብ እስኪበስል አማስዪ። በሚቀጥለው ቀን በእንቁላሉ ፋንታ የተቀቀለና የተፈጨ ጎመን ወይም ካሮት። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ። ስኳር አያስፈልገውም፣ ጨውም ባይገባበት ይሻላል። ማር ከአንድ ዓመት በፊት ፈጽሞ አይሰጥም፣ ለጨቅላ አደገኛ የሆነ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ሀዋሳ ላይ ያለን ነገር

ቡላ በዚህ አገር የክብር ምግብ ነው፣ ለአራስም ለሕፃንም። ልጆቼም ይወዱታል። ግን ቡላ ጉልበት እንጂ ሌላ ብዙ የለውም፣ ፕሮቲኑም ብረቱም አነስተኛ ነው። ቡላን በእንቁላል፣ በዓሣ ወይም በተፈጨ ቦሎቄ አጅቢው። ብቻውን ጠዋት ማታ የሚበላው ልጅ እንደ ልጄ ጉንጩ ሞልቶ ደሙ ሊያንስ ይችላል።

ሐይቁ አጠገባችን ነው። የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ጠዋት ሄደሽ "ለሕፃን ነው" ብለሽ ቆሮሶ ዓሣ አሰንጥቂ፣ አጥንቱን አውጥተው ይሰጡሻል። ቢሆንም አትመኚ። ቤት ወስደሽ በትንሽ ውሃ ቀቅዪውና ሥጋውን በጣትሽ መሐል አድርገሽ ፈትጊው። ያመለጠች አጥንት በጣት ትታወቃለች። እዚያው የሚበላው ጥሬ ዓሣ ግን ለሕፃን አይሆንም።

አቮካዶ በሲዳማ እንደ ልብ ነው፣ ጥርስ ለሌለው ልጅ ምግብ ብሎ ከተፈጠረ እሱ ነው። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ስኳር ድንች ገበያ ላይ ካገኘሽው አትለፊው፣ ቫይታሚን ኤ አለው። ትንሽ ጉበት በሳምንት አንዴ፣ በደንብ በስሎና ተፈጭቶ፣ ለብረት ከምንም ይበልጣል። ሥጋ ባይገኝ ምስርና ቦሎቄ፣ ከጎኑ ትንሽ ብርቱካን፣ ማንጎ ወይም ፓፓያ። ፍራፍሬው የጥራጥሬውን ብረት ሰውነቱ እንዲወስደው ያግዛል። ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል። ሻይ በዳቦ ለሕፃን አትስጪ።

ሙሉ ኦቾሎኒ፣ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ጥሬ ካሮት፣ ሙሉ ወይን፣ እነዚህ ያንቃሉ። እንግዳ "አንድ ፍሬ ብቻ" ቢልም እንኳን።

ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ

8 ወር ከሞላው በኋላ፣ 9 ወር ሳይደርስ፣ ምግቡን ወደ ፊት አምጪው። አሁን ምግብ መጀመሪያ፣ ጡት ቀጥሎ። በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ምሳውን፣ ሳምንት ቆይተሽ ቁርሱን፣ ከዚያ እራቱን።

ትንሹ 7 ወር ላይ ቀኑ እንዲህ ነበር። ንጋት 12 ሰዓት ጡት። 3 ሰዓት ጡት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገንፎ። 6 ሰዓት ጡትና እንቅልፍ። 9 ሰዓት ጡት፣ 10 ሰዓት ሁለተኛው ምግብ፣ ብዙ ጊዜ አቮካዶ ወይም ድንች በእንቁላል። ማታ 1 ሰዓት ጡትና እንቅልፍ፣ ሌሊት ሲነቃ ደግሞ ጡት።

10 ወር ላይ እንዲህ ሆነ። 12 ሰዓት ጡት። 2 ሰዓት ቁርስ፣ ከቁርሱ በኋላ ከፈለገ ጡት። አራት ሰዓት ተኩል ሙዝ። 7 ሰዓት ምሳ፣ ከዚያ ጡትና እንቅልፍ። 10 ሰዓት ጡት። 12 ሰዓት ተኩል እራት። ማታ 2 ሰዓት ጡት። ከምግብ በፊት ያለውን አንድ ሰዓት ተኩል ከጡትም ከውሃም ባዶ አደርገው ነበር። ውሃ የፈላና የቀዘቀዘ፣ በኩባያ፣ ከምግቡ ጋር ጥቂት ጉንጭ ይበቃዋል። ጁስ ምንም አያስፈልገውም።

ቀን የማይበላና ሌሊቱን ሙሉ የሚጠባ ልጅ ካለሽ ነገሩ ተገልብጦበታል። ሌሊት ይጠግባል፣ ጠዋት አይርበውም፣ ቀን አይበላም፣ ሌሊት ይርበዋል። የሌሊቱን በአንዴ አትከልክዪው። ከ9 ወር በላይ ከሆነና ክብደቱ ደህና ከሆነ፣ ንጋት ላይ ያለችውን አንዷን ጡት ወደ ቁርስ በኋላ አሻግሪ። በሦስት አራት ቀን ቁርሱ ላይ ለውጥ ታያለሽ።

ሥራ ለምትገቢ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ይሰጣል። ሦስት ወር ማለት ነው። ልጁ ምግብ ለመጀመር ገና ሦስት ወር ይቀረዋል። ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠሪ እናት፣ ባንክ የምትሠሪ እናት፣ ችግሩ አንድ ነው። ብዙዎች በ4 ወር አጥሚት የሚጀምሩት በዚህ ነው፣ አልፈርድባቸውም። ግን መንገድ አለ፣ የጡት ወተትሽን ማለብ።

እጅሽን ታጠቢ፣ አፉ ሰፊ የሆነ የተቀቀለ ኩባያ ያዢ። አውራ ጣትሽን ከጥቁሩ ክብ በላይ፣ ሌባ ጣትሽን ከሥር አድርገሽ መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ከዚያ ጨመቅ አድርገሽ ልቀቂ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ነው የሚወጣው፣ ተስፋ አትቁረጪ። ወተቱ ከፍሪጅ ውጪ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። የሀዋሳ ቀትር ሞቃት ስለሆነ ፍሪጅ ከሌለሽ ጠዋት ያለብሽው ረፋድ ላይ ይጠጣ። ለብ ለማድረግ ሙቅ ውሃ ውስጥ ኩባያውን አቁሚው፣ እሳት ላይ አትጣጂው። ጡጦ ተይና በኩባያ ወይም በማንኪያ ይስጡት፣ ለማጽዳትም ይቀላል።

6 ወር ከሞላው በኋላ ቀን ላይ ያሉትን ምግቦች ሞግዚቷ ወይም አያቱ ይስጡት። አንቺ ከመውጣትሽ በፊት፣ እንደገባሽ፣ ማታና ሌሊት ጡት ስጪው። ይህ ዓይነቱ ልጅ ሌሊት ጡት ቢያበዛ አይገርምም፣ ቀን ያጣውን ነው የሚያካክሰው። ተዪው ይጥባ።

ጡት ለሌለው ልጅ

የጣሳ ወተት (ለሕፃናት የሚሠራውን የዱቄት ወተት) የሚጠጣ ከሆነ ከ6 ወር በኋላ በቀን ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃዋል፣ ምግቡ ሲጨምር እየቀነሰ ይሄዳል። ከ6 ወር በላይ ላሉት የሚሸጠው ቁጥር 2 ከጠፋ ቁጥር 1ን እስከ ዓመቱ መቀጠል ይቻላል። ዋጋው ስለከበደ ከልኩ በላይ ውሃ ጨምሮ ማቅጠን ግን ልጁን ማስራብ ነው።

የጣሳው አቅም ከሌለስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው መመሪያ ጡት ለማይጠቡ ከ6 እስከ 11 ወር ላሉ ልጆች የጣሳውንም የእንስሳውንም ወተት ይፈቅዳል። በእኔ ልጅ ከደረሰው ተነስቼ የምጨምረው፦ የላም ወተቱ ይፍላ፣ በኩባያ ይሁን፣ ከምግብ በኋላ ይምጣ፣ በቀን ከ500 ሚሊ ሊትር አይለፍ። እንቁላልና ጥራጥሬ በየቀኑ፣ ጉበት በሳምንት አንዴ ከጎኑ ይኑር። ትልቋን ያዳናት የታዘዘላት የብረት ሽሮፕና ከአምስት ጡጦ ወደ ሁለት ኩባያ መውረዷ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት አለቀሰች። በአምስተኛው ቀን ከኔ ሰሃን ሽሮ ፍትፍት አንስታ በላች።

እምቢ ሲል

አትጋቺው። አፍንጫ ይዞ፣ አስተኝቶ፣ በመዳፍ አጥሚት ማንቆርቆር ትንታ ያመጣል፣ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል። ከዚያ በኋላ ማንኪያ ባየ ቁጥር የሚያለቅስ ልጅ ነው የሚኖርሽ። ፊት ለፊቱ ተቀመጪ፣ አናግሪው፣ አፉን እስኪከፍት ጠብቂ። ሁለቴ ፊቱን ካዞረ ሰሃኑን አንሺ። አዲስ ምግብ ስምንት አሥር ጊዜ ቀርቦለት ሊለምደው ይችላል። ባልበላው ፋንታ ወዲያው ጡጦ አትስጪው። እንዲህ ካደረግሽ እምቢ ሲል ወተት እንደሚመጣለት ይማራል።

የጾም ነገር ደግሞ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ በሕፃን ዕድሜ ረጅም ጊዜ ነው። ሕፃን ጾም የለበትም። ብዙ እናቶች እንቁላሉን የሚተዉት ድስቱ እንዳይነካካ ብለው ነው። እኔ ለልጁ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያና አንድ ሰሃን ለይቻለሁ። መደርደሪያው ጥግ ላይ ለብቻዋ ትቀመጣለች። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ሲታመም ጡቱን አብዢለት፣ ምግቡን በትንሽ በትንሹ ስጪው፣ አታቁሚ። ተቅማጥ ከያዘው "ጥርስ ነው" ብለሽ አትጠብቂ፣ ጥርስ ወይም እንጥል ለማስነቀልም አትሂጂ። ኦአርኤስና ዚንክ ከጤና ጣቢያ ውሰጂ። ሲድን ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ማዕድ ጨምሪለት፣ የቀነሰውን የሚመልሰው በዚያ ነው።

በየወሩ አስመዝኚው። ከ6 ወር ጀምሮ በየ6 ወሩ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ እንዳያልፈው። ካርዱ ላይ ያለው መስመር ሁለት ወር ተከታትሎ ከተኛ፣ መዳፉ ከገረጣ፣ ሁለት እግሩ ካበጠ ሳትውዪ ሳታድሪ ውሰጂው። ጡት መጥባትም መጠጣትም ካልቻለ፣ የገባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ደንዝዞ አልነቃ ካለ ደግሞ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን።